ማሽኑ ሳይጠፋ የጨመርኩት ራም አይታይም፤ መልሶ ማውጣትስ ይቻላል?

የጠባሴው (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ደብረ ብርሃን፣ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ነው። 32 ጊጋ ራም ያለው አንድ ሰርቨር አለን፤ ላዩ ላይ በኬቪኤም (አንድን ሰርቨር ከፋፍሎ እንደ ብዙ ኮምፒውተር በሚያሠራው ሶፍትዌር) ሦስት ቨርቹዋል ማሽኖች ይሠራሉ። አንደኛው የካርድ ክፍሉን መዝገብ የያዘ ነው፤ ዴቢያን ሊኑክስ ከማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ጋር፣ 8 ጊጋ ተሰጥቶት። በገበያ ቀን ከጣርማበርም ከመንዝም የመጣው ሰው ሲሰለፍ ማሽኑ ራም አጥሮት ስዋፕ ውስጥ (ዲስኩን በራም ፋንታ ወደ መጠቀም) ይገባና አንድ ካርድ ለማውጣት ደቂቃ ይፈጃል። በዚያ ሰዓት ማጥፋት አይታሰብም፤ ነርሶቹ ይበሉኛል።

ማሽኑን መጀመሪያ ሳዘጋጅ የሊብቨርት (የቨርቹዋል ማሽኖቹ ማስተዳደሪያ) ፋይሉ ላይ ከፍተኛ ሜሞሪ 16 ጊጋ፣ የራም ስሎት (መሰኪያ ቦታ) 8 ብዬ ነበር፤ የኑማውንም (የራም አደረጃጀቱን) ክፍል ሞልቻለሁ። ዛሬ ጠዋት እየሠራ እያለ በቨርሽ (በሊብቨርት ትእዛዝ መስጫ) 4 ጊጋ አስገባሁ። ትእዛዙ ያለ ምንም ስህተት አለፈ። ማሽኑ ውስጥ ገብቼ ፍሪ (የራም መጠን የሚያሳየውን ትእዛዝ) ስል ግን ያው የድሮው ነው። 4ቱ ጊጋ የት ገባ?

ሌላው ጥያቄዬ፦ ይህንኑ 4 ጊጋ ማታ ማታ አውጥቼ ለባክአፕ ማሽኑ መስጠት፣ ጠዋት መመለስ እፈልጋለሁ። ይሆናል?

ሸዋ ሮቢት ቆላ፦

ኧረ ወንድሜ፣ በበራ ማሽን ላይ ራም አይነካም! እኔ ሱቄ ውስጥ ሞክሬ አይቼዋለሁ። ደንበኛው ቸኩሏል፣ እኔም ልታይ ብዬ ኮምፒውተሩ እንደበራ ሁለተኛውን ራም ነቀልኩ። ጠቅ አለና ጠፋ። ማዘርቦርዱ ከዚያ ወዲህ አልተነሣም፤ ከኪሴ ከፈልኩ። ዘግተኸውም ቢሆን ገመዱ ከሶኬት እስካልተነቀለ ድረስ ቦርዱ ላይ 5 ቮልት ተጠባባቂ ኃይል አለ። ገመዱን ንቀል፣ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰኮንድ ተጫን፣ ከዚያ ራሙን ያዝ። እናንተ ደገኞቹ ደግሞ በዚያ ደረቅ ውርጭ ሱፍ ለብሳችሁ ነው የምትውሉት፤ የካሲውን ብረት ሳትነኩ እጃችሁን አትስደዱ፣ ስታቲክ ቺፕ ይጨርሳል።

የጠባሴው፦

የሱፉ ነገር እውነት ነው፤ አሁንም ለብሻለሁ። ግን በእጄ የነካሁት ነገር የለም። ራሙ ሰርቨሩ ላይ ድሮም ነበረ፤ ከዋናው ወደ ቨርቹዋሉ ነው የቆረስኩለት።

የመሃል ሜዳዋ፦

4ቱ ጊጋ ገብቷል፤ አልተከፈተም እንጂ። ሊኑክስ ላይ ይህ ነገር ሁለት እርምጃ አለው። በቨርሽ ስታስገባ ማሽኑ በኤሲፒአይ (ሃርድዌር ለሲስተሙ በሚናገርበት መንገድ) በኩል አዲስ ራም እንደመጣ ይነገረዋል፣ ከርነሉም (የሊኑክስ እምብርት) ይመዘግበዋል። ቀጥሎ ኦንላይን መደረግ (ለሥራ መከፈት) አለበት። እስከዚያ ድረስ የትኛውም ፕሮግራም አያገኘውም፣ ፍሪም አይቆጥረውም። ጎተራ ገብቶ አፉ ያልተፈታ ጆንያ በለው።

ኤልኤስሜም (ራሙን በብሎክ፣ ማለትም በቁራጭ በቁራጭ፣ የሚዘረዝር ትእዛዝ) ብለህ እዘዝ፤ ኦፍላይን የሚል መስመር ታያለህ። አንዳንዱ የሊኑክስ ስርጭት አዲሱን ራም ራሱ ይከፍታል፣ አንዳንዱ አይከፍትም። ያንተ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ፣ በሲስ ፎልደር ሥር ዲቫይስስ፣ ሲስተም፣ ሜሞሪ እያልክ ብትወርድ አውቶ ኦንላይን ብሎክስ የሚባል ፋይል አለ። ውስጡ ኦፍላይን ካለ ምክንያቱ ይኸው ነው። ለአሁኑ ሲኤችሜም (ራም የሚከፍትና የሚዘጋ ትእዛዝ) ከሰረዝ ኢ ጋር፣ 4 ጊጋ ብለህ ክፈተው።

በቨርሽ ስታስገባ ላይቭ ብቻ ብለህ ከነበረ ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ ወደ 8 ጊጋ ይመለሳል። እንዲቆይ ከፈለግህ ኮንፊግ የሚለውንም መጨመር ነው።

የጠባሴው፦

እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ልክ እንዳልሽው ኦፍላይን ነበር፤ ከፈትኩት፣ ታየ፣ ጭንቁም ረገብ አለ። አንድ ያልገባኝ ግን፣ እዚያው ፎልደር ውስጥ የብሎክ መጠን የሚነግረው ፋይል 8000000 ይላል። 8 ሚሊዮን ባይት ማለት 8 ሜጋ ገደማ ነው። ታዲያ 4 ጊጋ እንዴት 32 ብሎክ ብቻ ሆነ?

የመሃል ሜዳዋ፦

ቁጥሩ ሄክሳዴሲማል (በ16 መሠረት የሚቆጠር) ነው፤ ብዙ ሰው አሳስቷል። በእኛ አቆጣጠር 134,217,728 ባይት ነው፣ ማለትም 128 ሜጋ። 32 ጊዜ 128፣ 4096፤ ሂሳቡ ሞላ። ብዙ ራም ያላቸው ትልልቅ ማሽኖች ላይ አንዱ ብሎክ 2 ጊጋ ድረስ ይሄዳል።

ማይኤስኪውኤልህ ግን አዲሱን ራም ወዲያው ወስዶ ይጠቀምበታል ብለህ አትጠብቅ። የኢኖዲቢ በፈር ፑል (ዳታቤዙ ለራሱ የሚይዘው ራም) የሚባለው መጠን ሳይለወጥ ዳታቤዙ በድሮው ድርሻው ይቀጥላል፤ ትርፉን ከርነሉ ለፋይል ካሽ (ከዲስክ የተነበበውን ለማቆያ) ያደርገዋል። ከማይኤስኪውኤል 5.7 ጀምሮ በፈር ፑሉን ዳታቤዙ ሳይቆም መጨመርም መቀነስም ይቻላል።

የጠባሴው፦

በፈር ፑሉን ጨመርኩ፣ ቀኑን ሙሉ ሰላም ዋልን። ማታ 2 ሰዓት ላይ ግን ሌላ ጣጣ መጣ። የአዲሱን ራም አድራሻ ከኤልኤስሜም ወስጄ በሲኤችሜም፣ ከሰረዝ ዲ ጋር፣ ላጠፋው አዘዝኩ። ከ32ቱ ብሎክ 29ኙ ወጣ፤ ሦስቱ «መሣሪያው ሥራ ላይ ነው» ብለው ድርቅ አሉ። እያንዳንዱ ብሎክ ሥር ሪሙቨብል የሚል ፋይል አለ፤ ሁሉም ላይ 1 ይላል። 1 ማለት ይወጣል ማለት አይደለም እንዴ? የባሰው ደግሞ 29ኙ ወጥቶም ዋናው ሰርቨር ላይ አንድ ጊጋ እንኳ አልተመለሰልኝም።

አንጎለላ፦

ለምን ትለፋለህ፣ ባሉን ተጠቀም። ቨርቹዋሉ ውስጥ ያለው የባሉን ድራይቨር ሲነፋ ራም ይዞ ለዋናው ሰርቨር ይለቃል፣ ሲተነፍስ ይመልሳል። ብሎክ የለ፣ ስሎት የለ።

ጣርማበር፦

ልጄ፣ ሪሙቨብል የሚለውን ፋይል እርሳው። በአዳዲሶቹ ከርነሎች ብሎኩ ይውጣም አይውጣም 1 ነው የሚለው፤ ለአሮጌ ፕሮግራሞች ሲባል የቀረ ነው።

የሦስቱ ብሎክ ነገር እንዲህ ነው። አንድን ብሎክ ለማውጣት ከርነሉ ውስጡ ያለውን ገጽ (ከርነሉ ራም የሚቆርስበትን 4 ኪሎባይት ቁራጭ) ሁሉ ወደ ሌላ ራም ማዛወር አለበት። የፕሮግራም ገጽ እና የፋይል ካሽ ይዛወራሉ፤ ፕሮግራሙ የሚያየው አድራሻ ሳይለወጥ ከሥሩ ያለው ራም ይቀየራል። ከርነሉ ለራሱ የያዘው ግን፣ ለምሳሌ የገጽ ሰንጠረዦች፣ በአብዛኛው ካለበት አይነሣም። አንተ ጠዋት ዝም ብለህ ስትከፍተው ኖርማል ዞን (የራም ክልል) ውስጥ ገባ። ኖርማል ዞን ውስጥ ከርነሉ እንደፈለገ ይቀመጣል። 128 ሜጋ ውስጥ አንድ የማትነሣ 4 ኪሎባይት ገጽ ከተቀመጠች ብሎኩ አይወጣም። መንገድ ሲቀየስ መሐል ላይ አንድ ሰው ጎጆዬን አልለቅም እንደሚለው ነው።

ሙቨብል የሚባል ሌላ ዞን አለ። እዚያ የሚገባው የሚዛወር ገጽ ብቻ ነው። መልሼ አወጣዋለሁ የምትለውን ራም እዚያ ክፈተው፦ ሲኤችሜም ላይ ከሰረዝ ዜድ ጋር ሙቨብል በል፤ ወይም የየብሎኩ ስቴት ፋይል ላይ ኦንላይን የሚለውን ትተህ ኦንላይን ሙቨብል ብለህ ጻፍ። ያው አውቶ ኦንላይን ብሎክስ የተባለው ፋይልም ይህንኑ ቃል ይቀበላል፤ እዚያ ከጻፍክ አዲስ የሚመጣው ሁሉ ራሱ ወደ ሙቨብል ይከፈታል።

ጥሩ ነው ብለህ ግን ሁሉንም ሙቨብል አታድርግ። ከርነሉ የሚቀመጥበት ያጣና ፍሪ ብዙ ጊጋ ባዶ እያሳየህ ማሽኑ ራም አለቀ ብሎ ፕሮግራም ሲገድል ታያለህ። ከኖርማሉ ሦስት እጥፍ፣ ቢበዛ አራት እጥፍ ድረስ ነው ሰው የሚሄደው። ያንተ 8 ለ4 ስለሆነ አያሳስብም።

ለዋናው ሰርቨር ያልተመለሰው ደግሞ ብሎክ ኦፍላይን ማድረግ መመለስ ስላልሆነ ነው። እንግዳው ማሽን (ቨርቹዋሉ) «አልጠቀምበትም» አለ እንጂ አላስረከበም። የሚመለሰው ራሙ በቨርሽ ሲነቀል ነው። የሚነቀለው ደግሞ እንደገባው ሙሉውን ነው፤ 4 ጊጋውን አንድ ራም አድርገህ ስላስገባኸው በሦስት ብሎክ ምክንያት 4ቱም ጊጋ ታሰረ። አራት ባለ 1 ጊጋ አድርገህ ብታስገባ ኖሮ ምናልባት አንዱ ብቻ በቀረብህ። ስምንት ስሎት አለህ፣ አትሰስት። እና ቨርሽ ንቀል ስትለው «ጥያቄው ተልኳል» ቢልህ ተነቀለ ማለት አይደለም፤ እንግዳው እምቢ ካለ ራሙ እዚያው ነው። ገብተህ እይ።

አንጎለላ፣ ባሉን ለመስጠት ቀላል ነው፣ አልክድም። ግን ዳታቤዝ ያለበትን ማሽን ሳትጠነቀቅ ከነፋህበት ባዶ ራም ሲያልቅበት ወደ ስዋፕ ትገፋዋለህ፤ እሱ እኮ የሸሸው ከስዋፕ ነው። ደግሞም ባሉኑ ራሙ ውስጥ እዚህም እዚያም ቆንጥሮ ነው የሚይዘው። ከሁለቱም የሚሻለው ቨርቲዮ ሜም ይመስለኛል፤ ሊኑክስ 5.8 ላይ በ2020 የገባ ነው፣ በትንንሽ መጠን ያስገባል ያወጣል። ዋናው ሰርቨር ላይ ያለው ኪውኢሙ (ቨርቹዋሎቹን የሚያሠራው ፕሮግራም) አሮጌ ከሆነ ግን አይሆንህም።

የጠባሴው፦

ጋሼ፣ አሁን ገባኝ። ታዲያ ሦስቱን ብሎክ አሁን ምን ላድርጋቸው?

ጣርማበር፦

የፋይል ካሹን ጣል፣ ትንሽ ቆይ፣ ደግመህ ሞክር። አንዳንዴ ይለቃል። ካልለቀቀ ማሽኑን አጥፍቶ ማስነሣት ነው፤ ሌሊት ይሁን።

ወደፊት ስታወጣ መጀመሪያ በፈር ፑሉን ቀንስ፣ ከዚያ የሚዛወረው ገጽ የሚገባበት ባዶ ቦታ በቀሪው 8 ጊጋ ውስጥ እንዳለ እይ። ቦታ ከሌለ ከርነሉ እየደጋገመ ሲሞክር ትእዛዙ ሳይመለስ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በታይምአውት እዘዘው፤ ሁለት ደቂቃ ካለፈው ይቁም።

የመሃል ሜዳዋ፦

ጋሼ ባሉት ላይ አንድ ልጨምር። ለእያንዳንዱ 4 ኪሎባይት ገጽ ከርነሉ 64 ባይት መመዝገቢያ ይይዛል። ለ4 ጊጋ 64 ሜጋ ማለት ነው፣ ምንም አይደለም። ጥቂት መቶ ሜጋ ብቻ የቀረው ትንሽ ማሽን ላይ ግን በአንዴ 32 ጊጋ ልጨምር ብትል መመዝገቢያው ብቻ 512 ሜጋ ይፈልጋል፤ ሊያድኑት በመጣ ራም ሲታፈን አይቼ ሥቄያለሁ።

የጠባሴው፦

ዜና አለኝ። ካሹን ጥዬ አንዱ ብሎክ ለቀቀ፣ ሁለቱ እምቢ አሉ። ሌሊት አጠፋዋለሁ ስል መብራት ቀደመኝ፤ ዩፒኤሱም ሃያ ደቂቃ ይዞ ተኛ። ላይቭ ብቻ ብዬ ስለነበር ንጹሕ 8 ጊጋ ሆኖ ተነሣ።

ጠዋት አራት ባለ 1 ጊጋ ወደ ሙቨብል አስገባሁ። ዛሬ ማታ በፈር ፑሉን ቀንሼ አንድ በአንድ ነቀልኩ። ሦስቱ ወዲያው ወጡ። አራተኛው በታይምአውት ቆመ፤ ሳየው በፈር ፑሉ መቀነሱን ገና አልጨረሰም ነበር። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ወጣ። ዋናው ሰርቨር ላይ 4ቱም ጊጋ ተመልሷል፣ ባክአፑ እየሄደ ነው።

አሁን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መልሶ የሚያስገባውን ክሮን (በሰዓቱ ራሱ የሚሠራ ትእዛዝ) እየጻፍኩ ነው። ካልሠራ ነርሶቹ ድምፃቸው እናንተ ድረስ ይሰማል።