ቲቢ ያልሆነ ማይኮባክቴሪያ (የቲቢ ባክቴሪያ ዘመድ)፦ ዝርያውን የት ላስለየው?

ሰላም የላብ ሰዎች። ጅማ ነው የምሠራው፤ አንድ ናሙና ጭንቅላቴን አዙሮታል። ታካሚው ጠና ያሉ አባት ናቸው። ሁለት ጊዜ የቲቢ መድኃኒት ጨርሰዋል፣ ሳሉ ግን አልለቀቃቸውም። አክታቸው በማይክሮስኮፕ ፖዘቲቭ ነው፤ ጂን ኤክስፐርት (የቲቢን ዘረመል የሚፈልገው ማሽን) ግን ቲቢ የለም ይላል። ካልቸሩ (ባክቴሪያው እንዲያድግ ላብ ውስጥ የዘራሁት ናሙና) አደገ፣ የቲቢ ባክቴሪያ የሚያወጣውን ፕሮቲን የሚፈልገው የኤምፒቲ64 ምርመራ ግን ኔጌቲቭ። በሌላ ቀን የሰጡት አክታም ያው ነው፤ ከቧንቧ ውሃ የመጣ ብክለት ነው ብዬ ማለፍ ከበደኝ።

ኮሎኒዎቹ (ያደጉት የባክቴሪያ ክምችቶች) ጨለማ ውስጥ ነጣ ያሉ ናቸው፣ ብርሃን ሲያገኙ ቢጫ ይሆናሉ። ካንሳሲ የሚባለው ዝርያ ነው እንዳልል ሲሚዬ የሚባለውም እንዲሁ ያደርጋል። ደግሞ ካንሳሲ ቢሆን ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን በረዳቸው ነበር።

ዝርያውን በዘረመሉ የሚለይ ምርመራ፣ ማለትም ላይን ፕሮብ (በስትሪፕ የሚሠራው) ወይም የኤችኤስፒ65 ጂን ሲኩዌንሲንግ (የጂኑን ቅደም ተከተል ማንበብ)፣ አገር ውስጥ የሚሠራልኝ ማን ነው? ካልቸሩንስ እንዴት አሽጌ ልላክ? እባካችሁ፣ ሐኪማቸው በየቀኑ ይጠይቀኛል።