የ11 ወር ልጄ ተቅማጥና ትውከት ይዟታል፤ ኦ.አር.ኤስ. ስሰጣት ታስመልሳለች፣ ምን ላድርግ?

ጥያቄ (ከአንዲት እናት)

ጤና ይስጥልኝ። የ11 ወር ሴት ልጅ አለችኝ። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ውኃ የመሰለ ተቅማጥ ይዟታል፤ ማታ ደግሞ ትውከት ተጨመረበት። ደም አላየሁበትም፤ ትኩሳቷን ስለካው 38.2 ነው። ኦ.አር.ኤስ. (በውኃ የሚበጠበጠውን የስኳርና የጨው ዱቄት) በጥብጬ በጡጦ ብሰጣት ጠምቷት ስለነበር ሳታቋርጥ ጠጣችውና ወዲያው አስመለሰችው። አማቴ ጥርስ ልታወጣ ስለሆነ ነው፣ ሆዷ እስኪያርፍ ጡትም ምግብም ይቅርባት ይላሉ። ጎረቤቴ በበኩሏ ለልጇ ታዞ የተረፈ የአንቲባዮቲክ ሽሮፕ እንድሰጣት መክራኛለች። ሁለቱንም ለመቀበል ልቤ አልፈቀደም፤ ነገር ግን የምትጠጣው ሁሉ የሚወጣ ከሆነ ምን ይበጃታል? ሐኪም ዘንድ መውሰድ ያለብኝስ ምን ሳይ ነው?

መልስ 1 (የሕፃናት ክፍል ነርስ)

ልጅዎን ይማርልዎ። ጡት አለመከልከልዎም ሽሮፑን አለመስጠትዎም ትክክል ነው። በዚህ ዕድሜ ልጅን ቶሎ የሚጎዳው ከተቅማጡና ከትውከቱ ጋር የሚወጣው ውኃና ጨው ስለሆነ፣ ዛሬ ዋናው ሥራዎ የወጣውን መተካት ነው።

ማስመለሷ ኦ.አር.ኤስ. አልተስማማትም ማለት አይደለም። የታመመ ጨጓራ ብዙ ፈሳሽ በአንድ ጊዜ ሲገባበት መያዝ ያቅተዋል። ስለዚህ 10 ደቂቃ ያህል ያሳርፏትና ጡጦውን ትተው በሻይ ማንኪያ ይጀምሩ። አንድ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል፤ በየሁለት ደቂቃው አንድ ማንኪያ ቢሰጧት በአንድ ሰዓት ውስጥ 150 ሚሊ ሊትር ይገባላታል። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ የሚመከረው ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ስለሆነ፣ ይህ ቀላል የሚመስል ማንኪያ ብዙ ይሠራል። ጠምቷት እያለቀሰች ማንኪያውን ብትይዝብዎም አያፍጥኑ። ደግማ ብታስመልስ እንኳ የጠጣችው ሁሉ አይወጣምና 10 ደቂቃ ጠብቀው ከበፊቱ ቀስ ብለው ይቀጥሉ።

ሲበጠብጡ ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን የውኃ መጠን ያንብቡ፤ ለ1 ሊትር የሚሆን አለ፣ ለግማሽ ሊትር ወይም ለ200 ሚሊ ሊትር የሚሆንም አለ። ፓኬቱን ከፍሎ በግምት መበጥበጥ አደገኛ ነው፤ ውኃው ካነሰ ጨው በደሟ ውስጥ ይበዛል፣ ውኃው ከበዛ ደግሞ የሚፈለገውን ያህል ጨው አታገኝም። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ይጠቀሙ፤ ስኳር፣ ወተት ወይም ጭማቂ አይጨምሩበት፤ 24 ሰዓት ያለፈውን ደፍተው አዲስ ያዘጋጁ። ጡት በጠየቀች ቁጥር ይስጧት፤ ትውከቱ ጋብ ሲል የለመደችውን ምግብ ጥቂት በጥቂት ያቅርቡላት።

የሚከተሉትን ካዩ ግን ሌሊትም ቢሆን ሳይዘገዩ ይውሰዷት፦ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃታት፣ በማንኪያ የሚሰጧትንም ሁሉ ካስመለሰች፣ ከወትሮው በተለየ ከፈዘዘች ወይም ለመቀስቀስ ካስቸገረች፣ ከተንቀጠቀጠች፣ ዓይኗ ወይም እርግብግቢቷ ከሰረጎደ፣ ስታለቅስ እንባ ካጣች፣ በሰገራዋ ደም ከታየ፣ ትውከቷ አረንጓዴ ከሆነ። የሆዷን ቆዳ በእምብርቷና በጎኗ መካከል በሁለት ጣት ቆንጥጠው ሲለቁት ወዲያው ካልተመለሰም የውኃ እጥረት ምልክት ነው።

መልስ 2 (የሁለት ልጆች አባት)

ከላይ በተሰጠው ምክር ላይ ከራሴ ልምድ የምጨምረው ስለ ሽንት ነው። ልጄ በተመሳሳይ ሁኔታ ታሞ ስንወስደው ሐኪሙ በመጀመሪያ የጠየቀን መጨረሻ የሸናው መቼ እንደሆነ ነበር። ተቅማጡ ውኃ ሲሆን ግን ዳይፐር ላይ ሽንቱን ከተቅማጡ መለየት ያስቸግራል። ነርሷ ያሳየችን ዘዴ ቀላል ነው፤ ንጹሕ ጨርቅ አጣጥፎ ከዳይፐሩ ፊት ለፊት በኩል ማስቀመጥና ጨርቁን ለይቶ ማየት። ስድስት ሰዓት ያህል ደረቅ ሆኖ ከቆየ ሌላ ምልክት ሳይጠብቁ ማሳየት ይገባል።

ስለ ጥርሱም፣ አማትዎ የሚሉት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ጥርስ የሚወጣበት ወቅት ልጅ የሚድህበትና ያገኘውን ሁሉ አፉ የሚከትበት፣ ከእናቱ ያገኘው የበሽታ መከላከያም የሚቀንስበት ወቅት ነው። ተቅማጡን የሚያመጡት ግን ጀርሞቹ ናቸው። በአክብሮት ቢያስረዷቸው ይቀበሉዎታል ብዬ አምናለሁ፤ ማንኪያውን ተራ በተራ ለመያዝም እንደ እርሳቸው ያለ ሰው ያስፈልግዎታል።

ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በማንኪያ ስሰጣት ትውከቱ ጋብ አለ፤ ሸንታለች፣ ዓይኗም መለስ ብሏል። ተቅማጡ ግን አልቆመም፤ አማቴም «ታዲያ ይህ ውኃ ምን ሠራ?» ይላሉ። ከፋርማሲ ዚንክ ሰጥተውኛል፤ ተቅማጡ ሲቆም አብሬ ላቁመው?

መልስ 3 (ፋርማሲስት)

የአማትዎ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ብዙ ወላጆችም ኦ.አር.ኤስ.ን የሚተዉት በዚሁ ምክንያት ነው። ኦ.አር.ኤስ. ተቅማጥ አያቆምም። ግሉኮስ በአንጀት ግድግዳ ሲያልፍ ሶዲየምን ይዞ ይገባል፣ ውኃውም ይከተላቸዋል፤ ይህ መንገድ ተቅማጥ ባለበት ጊዜም ስለማይዘጋ ልጅቱ ተቅማጧ እየወጣም ውኃዋ ይተካል። እ.ኤ.አ. በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ሸሽተው ሕንድ በሰፈሩ ስደተኞች ላይ ኮሌራ ሲነሣና በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሲያልቅ፣ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ይህንኑ የስኳርና የጨው ውሕድ የታማሚዎቹ ቤተሰቦች በኩባያ እንዲያጠጡ አድርገው የብዙዎችን ሕይወት አትርፈዋል። ለስላሳ መጠጥ ግን ሊተካው አይችልም፤ ስኳሩ ከመጠን በላይ፣ ጨውም እጅግ ጥቂት ስለሆነ ውኃን ወደ አንጀት ስቦ ተቅማጡን ያብሳል።

ዚንኩን ተቅማጡ ቢቆምም አያቋርጡ። ከስድስት ወር በላይ ላለች ልጅ መጠኑ በቀን 20 ሚሊ ግራም ሲሆን የሚሰጠውም ከ10 እስከ 14 ቀን ነው፤ የተቅማጡን ዕድሜ ከማሳጠሩም በላይ በሚቀጥሉት ሁለትና ሦስት ወራት ተመልሶ እንዳይመጣባት ይረዳል። የሚሟሟውን ኪኒን በማንኪያ ላይ በታለበ የጡት ወተት ወይም በንጹሕ ውኃ አሟሙተው ይስጧት፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰችው ይድገሙላት።

የጎረቤትዎን ሽሮፕ በተመለከተ፣ በዚህ ዕድሜ ውኃ የመሰለ ተቅማጥ አብዛኛውን ጊዜ ከቫይረስ ስለሚመጣ አንቲባዮቲክ አይፈታውም፤ እንዲያውም ራሱ ተቅማጥ ሊያስከትል ይችላል። በውኃ ተበጥብጦ ቀናት ያለፉት ሽሮፕ ደግሞ ለማንም መሰጠት የለበትም። ለአዋቂ የሚሸጡ ተቅማጥ ማቆሚያ ኪኒኖችንም በፍጹም አይሞክሩ፤ የሕፃን አንጀት እንቅስቃሴን አግደው ለከባድ ጉዳት ይዳርጋሉ። ተቅማጡ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይሻላል፤ 14 ቀን ከሞላው ግን ብትጫወትና ብትስቅም እንኳ መመርመር አለባት።