ሥጋ ደዌ ይሆን? ናሙናው ነጻ ነው፣ ነርቩ ግን ወፍሯል
በይፋት ቆላ በአንድ ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። ከሦስት ወር በፊት አንድ የ34 ዓመት ገበሬ ጀርባውና ግራ ክንዱ ላይ ሦስት ነጣ ያሉ ቦታዎች ይዞ መጣ። ቋቁቻ መስሎኝ የፈንገስ ቅባት ሰጠሁት፤ ሁለት ወር ተቀባ፣ ለውጥ የለም። ሲመለስ ግራ ትንሿ ጣቱ ተቃጥላ ቆስላለች። እሱ አልተሰማውም፤ የጋለ ጀበና ሲያወርድ ያየችው ባለቤቱ ናት።

ያኔ ደነገጥሁ። ዓይኑን አስጨፍኜ በጥጥ ጫፍ ስነካው ጤነኛው ቆዳ ላይ ወዲያው ይጠቁማል፣ ክንዱ ላይ ያለው ነጣ ያለ ቦታ ጋ ስደርስ ግን ዝም። በግራ ክርኑ ውስጠኛ ጎን የሚያልፈው ነርቭ ከቀኙ ይልቅ ወፍሮ እንደ ገመድ ይዳሰሳል።

ከጆሮዎቹና ከቦታው ጠርዝ ቆዳ ሰንጥቀን የወሰድነው ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲታይ ባክቴሪያ አልተገኘበትም። ባልደረባዬ «እንግዲያው ሥጋ ደዌ አይደለም» ይላል። አልተቀበልሁትም፤ ባክቴሪያው ጥቂት ሲሆን ናሙናው ነጻ ሊሆን ይችላል፣ ስሜት ያጣው ቦታም ብቻውን በቂ ምልክት ነው። የቸገረኝ ሌላ ነው፦ ቦታዎቹ ከአምስት አይበልጡም፣ ይህ ወደ አጭሩ ሕክምና ይጠቁማል፤ ነርቩ ግን ተነክቷል፣ ይህ ደግሞ ወደ ረጅሙ። ሥጋ ደዌ ያከማችሁ፣ መድኃኒቱን ለ6 ወር ልጀምርለት ወይስ ለ12?