የጥቅምት ዕቅድ፦ ፕላኔት የሚያልፍባቸው ኮከቦች (ረቂቅ 3፤ ተወያዮቹ በከተማ ስም ተጠርተዋል)

ሱሉልታ፦ ረቂቁ ይኸው። የምንለካው ፕላኔቷን ሳይሆን ኮከቡን ነው። ትራንዚት፣ ማለትም ፕላኔቷ በኮከቡ ፊት ስታልፍ ብርሃኑ መቀነሱ፣ የሚሰጠው የሁለቱን ሬዲየስ ንጽጽር ብቻ ስለሆነ የኮከቡ ሬዲየስ በ10 በመቶ ከሳተ የፕላኔቷም በ10 በመቶ ይስታል፤ እፍጋቷ ደግሞ በ30 ገደማ። ኤችዲ 209458 የተባለውን ኮከብ በጥቅምት፣ ዋስፕ-43 የተባለውን በየካቲት እንይዛለን። ከትራንዚቱ ርዝመትና ከዙሩ ጊዜ የኮከቡን እፍጋት፣ የጋያ ሳተላይት ከለካው ርቀት፣ ከብሩህነቱና ከቀለሙ ሬዲየሱን አውጥተን እናስተያያለን። ቀለሙ ላይ ተጠንቀቁ፤ ከእሱ የምናወጣው ሙቀት በ2 በመቶ ከተሳተ ሬዲየሱ በ4 ይስታል። አስተያየት እስከ ዓርብ።

ለገጣፎ፦ ቡና የት ሄደ? በ2019 ለኤችዲ 16175 ቡና፣ ለፕላኔቱ አቦል የሚል ስም ከዚህ አገር ወጥቶ በዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ጸድቋል። የራሳችንን ኮከብ የዘለለ ዕቅድ ላይ አልፈርምም።

ሱሉልታ፦ ጋሼ፣ አቦል አያልፍም። የተገኘው የኮከቡ ውዝዋዜ በስፔክትረም (በተበተነ ብርሃኑ) ተለክቶ ነው። አንድ ዙር ከ900 ቀን በላይ ይፈጅበታል፤ በዚያ ርቀት ያለ ፕላኔት በእኛና በኮከቡ መሀል የማለፍ ዕድሉ ከመቶ አንድ አይሞላም። ርዕሱ «የሚያልፍባቸው» ይላል።

ለገጣፎ፦ ርዕሱ ይቀየራ።

ሰንዳፋ፦ ለስም ብለን ሌሊት አናባክንም። የአምናው ገንዘብ በባነርና በቲሸርት አለቀ፤ ዘንድሮም እንዲሁ ሊሆን ነው።

ለገጣፎ፦ ባነሩን እኔ አላሠራሁም! ማን እንደፈረመ ይነገር።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔ ፈርሜያለሁ፤ ደረሰኙም አለ። ይሄ እዚህ ይቁም። የጠየቅነው 180 ሺህ ብር ነው፤ ገምጋሚዎቹ የሥነ ፈለክ ሰዎች አይደሉም። ዋስፕ-43 የሚለውን ያልፉታል፣ ቡና የሚለውን ያነቡታል።

ቡራዩ፦ ያነቡታል፤ ግን ምን እንለካለን? ቡና ላይ የሚቻለን ጥቁር ነጥቦቹ ከኮከቡ ጋር ሲዞሩ ብርሃኑ ይለዋወጥ እንደሆነ ማየት ነው። የእኛ ስህተት በሌሊት 0.5 በመቶ ከሆነ ለውጡ ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። ነጥብን ማወቅ ለትራንዚትም እንደሚጠቅም አልክድም፤ ነጥብ የበዛበት ኮከብ ላይ የትራንዚቱ ጥልቀት (ብርሃኑ የሚቀንስበት መጠን) ይዛባል። ኤችዲ 189733 ለዚህ ምስክር ነው፣ እሱን ግን ክረምቱ ይበላብናል።

ሰንዳፋ፦ ሦስት ቀን በስም ስንጨቃጨቅ አሠራሩን ያነበበ የለም። ኮከቡን ጥርት አድርጋችሁ ካነሳችሁት መሀሉ ይሞላል። ከትኩረት አውጡትና ከ20 እስከ 25 ፒክሰል ላይ ይሰራጭ፤ 30 ሰከንድ፣ ከካሜራው አቅም ከ60 በመቶ ሳያልፍ። የኤችዲ 209458 ትራንዚት 3 ሰዓት ነው፤ ከፊትም ከኋላም አንድ አንድ ሰዓት ካልተያዘ ብርሃኑ የሚቀንስበት 1.5 በመቶ ከምን እንደወረደ አይታወቅም። ኮምፒውተሩ በዓለም አቀፍ ሰዓት ይሁን፤ የእኛ ምሽት 2 ሰዓት እዚያ 17:00 ነው። ባለፈው ግማሹ በሐበሻ፣ ግማሹ በፈረንጅ ሰዓት ተመዝግቦ የብርሃኑ ኩርባ አልገጥም ብሏል። ከዚያም ጊዜው ወደ ፀሐይ ሥርዓት ማዕከል ይመለስ፤ እስከ 8 ደቂቃ ልዩነት አለው። የማነጻጸሪያ ኮከቦቹን (ብርሃናቸው የማይለዋወጥ ጎረቤቶቹን) ዝርዝር ሰበታ ልሥራ ብሎ ነበር። ሰበታ?

ቡራዩ፦ ከሰኞ ጀምሮ ድምፁ የለም።

ለገጣፎ፦ በቁጣ የተናገርኩትን ይቅር በሉኝ። ግን አስሉት። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ኤችዲ 209458 ምሽት 2 ሰዓት ገደማ አናት ላይ ይደርሳል፣ እስከ 6 ሰዓት ይለካል። ያኔ ቡና በሰሜን 57 ዲግሪ ላይ ነው፤ ከሱሉልታ ከተማ ሆኖ ላየው የአዲስ አበባ መብራት በጀርባ ይቀራል። ዋስፕ-43 በደቡብ፣ በከተማው በኩል ነው፤ ብሩህነቱም 12.4 ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ኮከቡ ይደበዝዛል።

ሰንዳፋ፦ ይሄ ያስኬዳል። ቴሌስኮፑን ከቦታው ሳናነሳ ሁለቱንም እንይዛለን።

ገንዘብ ያዥ፦ እንግዲያው ዋስፕ-43 ይወጣል። ቡና 20 ሌሊት፣ ኤችዲ 209458 አንድ ትራንዚት። ርዕሱ «ቡናን ማወቅ»። የጤዛ ማሞቂያውና ባለ12 ቮልቱ ባትሪ በጀቱ ውስጥ ገብተዋል።

ሱሉልታ፦ የእፍጋቱ ክፍልስ? በአንድ ትራንዚት አይቆምም። ደመና መግቢያውን ወይም መውጫውን ከሸፈነ ርዝመቱ አይታወቅም፤ ርዝመት ከሌለ እፍጋት የለም። ቢያንስ ሁለት ይሁን።

ለገጣፎ፦ ከቡና ላይ ሁለት ሌሊት ውሰድ።

ሱሉልታ፦ ረቂቅ 4ን ማታ እለጥፋለሁ። የማነጻጸሪያው ዝርዝር አሁንም ባለቤት የለውም፤ ለቡናም ሌላ ዝርዝር ያስፈልጋል። ማን ይወስደዋል?