የሙያ ተማሪዎች ሽልማት ለብቻው ይሁን ወይስ ከሌሎቹ ጋር?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይሄ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ላይ በሙያ ሥልጠና ብልጫ ያሳዩ ተማሪዎች የራሳቸው ሽልማት ይኑራቸው? ወይስ ከቀለም ትምህርት ተሸላሚዎች ጋር ይወዳደሩ?

የሒሳብ መምህር፦ ለብቻው መሆኑን አልወደውም። «ለእነሱም የምትሆን ነገር ተገኘች» ይመስላል። ሙያ የሰነፍ ተማሪ መጠጊያ ነው የሚለውን ወሬ እኛው እናጸናዋለን። አንድ መድረክ፣ አንድ ዋንጫ ይብቃ።

ብየዳ አሠልጣኝ፦ መምህር፣ አንድ ዋንጫ ከሆነማ ማን እንደሚወስደው እናውቃለን፤ አማካይ ውጤቱ ከፍ ያለው ልጅ ነው። የእኔ ተማሪ የበየደው ቱቦ የቱ ካርድ ላይ ይታያል? ውኃ በግፊት ሲሞላበት ካላፈሰሰ፣ ብየዳው ተቆርጦ ሲታጠፍ ካልተሰነጠቀ፣ ዳኝነቱ አለቀ። የልጁ አባት ማን እንደሆነ ቱቦው አያውቅም። ለብቻው ይሁን፤ ዳኞቹም ከሥራው ዓለም ይምጡ።

ወለላ፦ እኔን ሽልማቱ ራሱ ያሳስበኛል። እ.ኤ.አ. በ1973 ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሥዕል በሚወዱ ሕፃናት ላይ ጥናት አድርገው ነበር። «ከሣላችሁ ትሸለማላችሁ» የተባሉት ልጆች በኋላ ላይ የመሣል ፍላጎታቸው ቀነሰ። ሙያውን የሚወድ ልጅ ዋንጫ አሳዳጅ ቢሆንስ?

ብየዳ አሠልጣኝ፦ እህቴ፣ ግማሹን ነው የነገርሽን። ሳይጠብቁ ድንገት የተሸለሙት ልጆች ፍላጎታቸው አልቀነሰም። ደግሞ እነሱ መዋዕለ ሕፃናት ናቸው። ነገ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ቀጣሪ ፊት የሚያቀርበው ማስረጃ ያስፈልገዋል።

ስፌት ተማሪ፦ የኔ ችግር «ምርጡ አንድ ሰው» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 በስፔን የተጀመረው ወርልድስኪልስ የተባለው የዓለም የሙያ ውድድር እንኳ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ አያበቃም። ሜዳሊያ ባያገኙም ከተቀመጠው ነጥብ በላይ ያመጡ የብቃት ሽልማት ይሰጣቸዋል። እኛም ጋ እንዲህ ይሁን። መለኪያው ዓመቱ ሲጀመር ይለጠፍ። ሦስት ልጆች ካለፉት ሦስቱም ይሸለሙ። ማንም ካላለፈው ማንም አይሸለም። አለበለዚያ ሽልማቱ በየክፍሉ ተራ የሚደርስ ዕጣ ይሆናል።

የሒሳብ መምህር፦ ይሄኛው ይገባኛል፤ እንዲህ ከሆነ ለብቻው መሆኑንም አልቃወምም። ግን ማንም ባያልፍ ለርዕሰ መምህሩ ማን ያስረዳል? ጥፋቱ የአሠልጣኙ ነው መባሉ አይቀርም።

ወላጅ ነኝ፦ እናንተ ስለ መድረክ ታወራላችሁ። ወርክሾፑ ውስጥ የሚበየድበት ዘንግ (ኤሌክትሮድ) ካለቀ ልጁ በምን ተለማምዶ ያልፋል? ለዋንጫ የሚወጣው ገንዘብ መጀመሪያ እዚያ ይግባ።

ብየዳ አሠልጣኝ፦ እውነት ነው። ዋንጫው ይቅር፤ ላለፈ ልጅ የራሱ የሆነ የብየዳ መነጽርና ጓንት ይሰጠው። መለኪያውን ግን አትንኩብኝ።

ወለላ፦ መሣሪያ ከሆነ ድምፄን ሰጥቻለሁ። ግን ቀድማችሁ አታስታውቁ።

ስፌት ተማሪ፦ ካልታወቀማ ምን ላይ መድረስ እንዳለብኝ በምን አውቃለሁ? መለኪያው ይለጠፍ፤ ስጦታው ከፈለጋችሁ ይደበቅ።