የጋራ ፕሮፖዛላችን፦ «ግንዛቤ» የሚለው ቃል ይውጣ?

ጸሐፊ፦ የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ረቂቁ ደርሷችኋል። ርዕሱ «በሐዋሳ የሴት ፋብሪካ ሠራተኞችን ግንዛቤ ማሳደግ» ነው። እስከ ዓርብ አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ።

አባል፣ ከታቦር፦ ልጄ፣ ብዙ ደክመሽበታል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። «ግንዛቤ» የሚለው ቃል ግን ቢወጣ ደስ ይለኛል። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከገጠር የመጡ ልጆች ሥራቸውን ለምን ቶሎ ይለቃሉ ሲባል፣ የሚሰጠው መልስ «ግንዛቤ ስለሌላቸው» የሚል ነው። እሑድ ዕለት ከቤቴ ጀርባ የተከራዩ አራት ሠራተኞች ቡና ጠርተውኝ ነበር። ክፍላቸው ሁለት ፍራሽ ብቻ ይይዛል፤ አንዷ ከፈረቃ ስትመለስ ሌላዋ ተነሥታ ትለቅላታለች። የማታ ፈረቃ የሚያበቃው ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው፤ አከራያቸው የግቢውን በር የሚቆልፉት 3 ሰዓት ተኩል ላይ። ትንሿ ሁለት ሌሊት ደጅ አድራ፣ ልብሷን በፌስታል ቋጥራ ወደ አገሯ ልትመለስ ተሰናድታለች። ለዚህች ልጅ ምን ሥልጠና እንሰጣታለን?

ቀርቦ መጠየቅ ምን እንደሚጠቅም አንድ ምሳሌ ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ2014 ኢቦላ በጊኒ፣ በሴራሊዮንና በላይቤሪያ ሲዛመት፣ አስከሬን ያለ ጸሎት እየተወሰደ ስለሚቀበር ቤተሰብ ሟቹን ይደብቅ ነበር። የሰውን ባህልና አኗኗር የሚያጠኑ አንትሮፖሎጂስቶች ከሐዘንተኞች ጋር ተቀምጠው ምን እንደከበዳቸው ጠየቁ። የዓለም ጤና ድርጅት በኖቬምበር ያወጣው የቀብር መመሪያም ለሙስሊም ሟች በውኃ ማጠቡ ቀርቶ ተየሙም (ያለ ውኃ፣ በንጹሕ አፈር የሚደረግ መንጻት) እንዲደረግለት ፈቀደ። ለቅሶ የምናውቅ ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባናል። እኛም መጀመሪያ ሄደን እንቀመጥ።

ገንዘብ ያዥ፦ ጋሼ፣ እውነት ነው። ግን ሦስት ወር ያህል ከሠራተኞቹ ጋር መቀመጥ በበጀት ላይ ምን ተብሎ ይጻፋል? ለጋሾች የሠልጣኝ ቁጥር ነው የሚጠይቁት።

አባል፣ ከታቦር፦ «የመስክ ቆይታ» ተብሎ ይጻፍ። ሲዳምኛ የሚችሉ ሁለት ሴት አጥኚዎች ይበቃሉ። አከራዮችም ይካተቱ፤ እኚህ ሴትዮ ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፣ አምና ሌባ ገብቶባቸው ነው።

ጸሐፊ፦ ተቀብያለሁ። የሥልጠናውን በጀት ግማሽ ወደ መስክ ቆይታ አዛውሬዋለሁ። የልጆቹ ስም ለአሠሪም ለአከራይም እንደማይሰጥ የሚገልጽ አንቀጽ ጨምሬአለሁ። ርዕሱም «በሐዋሳ የፋብሪካ ሠራተኞችና የአከራዮቻቸው ኑሮ» ሆኗል። ጋሼ፣ ልጅቷ ሳትሄድ እርስዎ ዛሬ ማታ አከራይዋን ስለ ቁልፉ ቢያነጋግሩልን?

አባል፣ ከታቦር፦ ከሥራ እንደወጣሁ እሄዳለሁ።