ክርክር፦ መሥራቹ ሲደክመው ማን ይረከባል?

አወያይ፦
ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው ጥያቄ ከበድ ይላል። መቄዶንያን የማያውቅ እዚህ የለም። ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. ጧሪ ያጡ ጥቂት አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ሰብስቦ የጀመረው ቤት ነው። ዛሬ ከጎዳና የተነሡ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እዚያ ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ይታከማሉ። በ2017 ዓ.ም. በዩቲዩብ በቀጥታ በተላለፈው የገቢ ማሰባሰቢያ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር ተዋጥቷል። ብሩ የሚሄድበት ትልቅ ሕንፃ ሆስፒታልም አለው። እንግዲህ ይህን የሚያህል ተቋም በመሥራቹ ትከሻ ላይ ይቆይ? ወይስ ከአሁኑ ለተቀጠረ ሥራ አስኪያጅ ይሰጥ? ሰውየውን ለመውቀስ አይደለም፤ እኔ በግሌ እጅ ነሥቼ የማልፈው ሰው ነው። የምናወራው ስለ ወንበሩ ነው። ስድብ የጻፈ ይወጣል።

የኮተቤው፦
ያልተበላሸ ነገር ለምን ይነካካል? ሰው ብር የሚያወጣው ለመተዳደሪያ ደንብ አይደለም፤ ለቢኒያም ነው። ሌላው አፍንጫውን ይዞ ያለፈውን ሰው እሱ ቤቱ ስላስገባ ነው። ቅጥር ሥራ አስኪያጅ አምጡና እዩት፤ ልክ 11 ሰዓት ሲል ቦርሳውን አንጠልጥሎ ይወጣል። ይህ ሥራ በሲቪ አይሠራም።

ኦዲተሯ፦
ወንድሜ፣ ፍቅሩን ማንም አልካደም። እኔ ሥራዬ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን ሒሳብ መመርመር ነው። ሰው እንደሚጠረጥረው ብዙ ጊዜ የማገኘው ሌብነት አይደለም። ሁሉ ነገር አንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ተቀምጦ ነው የማገኘው። ጤፉን ማን በዱቤ እንደሰጠ፣ የትኛው ነጋዴ ቃል ገብቶ እንዳልከፈለ፣ የመሬቱ ካርታ የትኛው ቢሮ እንደተኛ የሚያውቀው መሥራቹ ብቻ ነው። እሱ አንድ ሳምንት ታሞ ቢተኛ ቼክ አይፈረምም።

ሕጉማ መልሶታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 በቦርድ በሚመራ ድርጅት ውስጥ የሥራ አስኪያጁን ተጠሪነት ለቦርዱ አድርጎታል። የተመረመረ ሒሳብም በየዓመቱ ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ይቀርባል። ጥያቄው ቦርዱ መሥራቹን “እምቢ” ማለት ይችላል ወይ ነው። የቦርድ አባላቱ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ የጋበዛቸው፣ የሚያከብሩት፣ አንዳንዴም የሚፈሩት ሰዎች ናቸው። ይህን ስለ መቄዶንያ አልልም፤ የእነሱን መዝገብ መርምሬ አላውቅም። ስለ ዘርፉ ነው።

የኮተቤው፦
እምቢ የሚል ቦርድማ አይተናል። ስብሰባ፣ ሻይ፣ አበል፣ ቃለ ጉባኤ። እስከዚያ ሰውየው አስፋልት ላይ ይሞታል።

ሲስተር፦
እናንተ ስለ ብር ተከራከሩ፣ እኔ ስለ መድኃኒት ልናገር። የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። ከጎዳና የተነሣ ሰው አልጋ ብቻ አይደለም የሚያስፈልገው። መጀመሪያ ቁስሉና እከኩ ይታያል። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይደረግለታል። ይህ ሳይደረግ ብዙ ሰው የሚተኛበት ክፍል ካስገባችሁት፣ አንድ ሰው አዳንን ብላችሁ ክፍሉን በሙሉ ታሳምማላችሁ። ከዚያ መድኃኒት ይጀምራል። መድኃኒቱ ከተቋረጠ ብዙው ወደነበረበት ይመለሳል፤ ገበያ ላይ ደግሞ ይጠፋል። የሚረብሸው ታካሚ ምን ይደረግ? እኔ አልታከምም ያለውስ? ይህን በቅንነት ብቻ መወሰን አይቻልም። ራሱን የቻለ የሕክምና ኃላፊ ይፈልጋል። መሥራቹም ሆነ ሥራ አስኪያጁ “አስገባው” ሲሉት “ዛሬ አልችልም” የሚል።

የኮተቤውን ግን ሙሉ በሙሉ አልቃወመውም። አንድ ቀን ከመንገድ ያነሣነውን ሰው አንድ ትልቅ ሆስፒታል ወሰድነው። ስሙን አያውቅም፣ መታወቂያ የለውም። “አስታማሚ ከሌለው አልጋ አንሰጥም” አሉን። የጤና መድን እንዳናወጣለት፣ የድኻው መዋጮ በመንግሥት ይሸፈናል፤ ዝርዝሩ የሚወጣው ግን በነዋሪነት ነው። ጎዳና የሚያድር ሰው የየትኛው ወረዳ ነዋሪ ነው? በመጨረሻ ነገሩን የፈታልን አንድ ታዋቂ ሰው የደወለው ስልክ ነው። እዚህ አገር የመሪው ዝና ራሱ የሕክምና መሣሪያ ሆኗል። ያሳፍራል፣ ግን ነው።

ጡረተኛው፦
ልጆቼ፣ ስድስት ኪሎ ያለውን የማዘር ቴሬዛ ቤት ታውቁታላችሁ። እህቶቹ አገራችን የገቡት በ1973 እ.ኤ.አ. ነው። ማዘር ቴሬዛ ያረፉት በመስከረም 1997 እ.ኤ.አ. ነው። ተተኪያቸው ሲስተር ኒርማላ የተመረጡት ግን በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ነው፤ እሳቸው በሕይወት እያሉ። የስድስት ኪሎው ቤት አልተዘጋም።

እዳዬ አበበች ጎበና በሰኔ 2013 ዓ.ም. አረፉ፤ ድርጅታቸው አለ። ዶክተር ካትሪን ሃምሊን በመጋቢት 2012 ዓ.ም. አረፉ። በወሊድ ከሚመጣው የፊስቱላ ጉዳት ሙሉ በሙሉ ላልዳኑ ሴቶች መኖሪያ እንዲሆን ደስታ መንደርን ያቋቋሙ ሴት ናቸው። የፊስቱላ ሆስፒታሉ ከእሳቸው በኋላም ያክማል። እኛ ግን የአንድን ሰው ተተኪ ማንሣት ሞቱን እንደመመኘት እንቆጥረዋለን። ለዚህ ነው ሁሉም ነገር ለቀብር ማግስት የሚቀረው።

የኮተቤው፦
ጋሼ፣ በጣም አከብርዎታለሁ፤ ግን የማዘር ቴሬዛው አይሄድም። እነሱ መነኮሳት ናቸው። መሐላ አላቸው፣ ደመወዝ አይጠይቁም፣ ሥርዓታቸው ዓለም አቀፍ ነው። እኛ የምናወራው ነገ የተሻለ ደመወዝ ካገኘ ወደ ዩኤን ስለሚሄድ ሥራ አስኪያጅ ነው።

የሎስ አንጀለሷ፦
ከኤልኤ ልጨምር። እዚህ መሀል ከተማ ስኪድ ሮው የሚባል ሰፈር አለ፤ መንገዱ በድንኳን የተሞላ። በ1989 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ስኪድ ሮው ሃውሲንግ ትረስት የሚባል በጎ አድራጎት ድርጅት ነበር። አሮጌ ሆቴሎችን እየገዛ፣ አዲስም እየሠራ 29 ሕንፃ ደርሶ ነበር። ወደ 1,500 ሰው ይኖርበት ነበር። በሕንፃዎቹ ንድፍ ሳይቀር የተሸለመ ድርጅት ነው። የረጅም ጊዜ መሪው ከወጣ በኋላ ወንበሩ ላይ ሰው ይፈራረቅበት ጀመር። ሁሉም ባለሙያ፣ ሁሉም ደመወዝተኛ። በ2023 ድርጅቱ እጁን ሰጠ። ከተማው ፍርድ ቤት ሄዶ ሕንፃዎቹን የሚያስተዳድር ባለአደራ አስሾመ። የመጀመሪያው ባለአደራ ራሱ በወራት ውስጥ ተነሣ።

የኮተቤው፦
አበቃ! ባለሙያ ገብቶ አፈረሰው። ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?

የሎስ አንጀለሷ፦
ቆይ፣ አልጨረስኩም። የመሪ መፈራረቅ አባሰው እንጂ አልጀመረውም። ሕንፃ ለመሥራት ብር ይገኛል። ብድሩም፣ ለጋሹም፣ የታክስ ቅናሹም አለ። የተሠራውን ለሃያ ዓመት ለማኖር ግን ከኪራይ ድጎማ የሚመጣው ብር አልበቃም። አሮጌዎቹ ሆቴሎች መታጠቢያ ቤታቸው የጋራ ነው፤ ሰው ሸሻቸው። ባዶ ክፍል በዛ፣ ገቢ ወረደ፣ ጥገና ቆመ። ሪባን ሲቆረጥ ሁሉም ነበር። ቧንቧ ሲፈነዳ የመጣ የለም።

እኔ ለመቄዶንያ ያዋጣሁ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ መጠየቅ እችላለሁ። ሆስፒታሉ ተከፍቶ ጥቂት ዓመት ሲሞላው የጄኔሬተሩ ነዳጅ፣ የሊፍቱ ጥገና፣ የላቦራቶሪው ዕቃ፣ የሐኪሞቹ ደመወዝ ከየት ነው? በየዓመቱ ቀጥታ ሥርጭት እናድርግ? ሰው ይሰለቻል። ቋሚ ገቢ የሚያመጣ ንብረት፣ ከጤና መድን ጋር ውል፣ ከመንግሥት የሚገኝ በጀት፣ ይህን ሌት ተቀን የሚያስብ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው የግድ ካሜራ ፊት የሚያምርበት መሆን የለበትም።

ቦስተን ያለሁት፦
እዚህ ደግሞ በ1985 እ.ኤ.አ. የተጀመረ፣ ቤት የሌላቸውን ሰዎች የሚያክም ፕሮግራም አለ። ጂም ኦኮነል የሚባለው ሐኪም ለአንድ ዓመት ብሎ ገብቶ እዚያው ቀረ። መጀመሪያ ሲመጣ ነርሶቹ ማዳመጫህን አስቀምጥ ብለው የሰዎቹን እግር ያሳጠቡት ነው። ከሆስፒታል ወጥተው ጎዳና ላይ ማገገም ለማይችሉ ሰዎች አልጋ ያለው ማገገሚያም አላቸው። ወደ ነጥቤ ልምጣ። ሐኪሙ የቤቱ ፊት ነው፤ ሌሊት መንገድ ላይ ታካሚ ይፈልጋል። በጀቱንና ቅጥሩን የሚመራው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ግን ሌላ ሰው ነው። ሁለቱም ወንበር አለ። መሥራች ይውጣ ማለትና ሁሉን እሱ ይያዘው ማለት ብቻ አይደለም ምርጫው።

የኮተቤው፦
ደመወዙስ? ለዚያ ሥራ አስፈጻሚ የሚከፈለው ብር ስንት አረጋዊ ያበላል?

ኦዲተሯ፦
ይህችን ጥያቄ እጠብቃት ነበር። አዋጁ ለአስተዳደር ወጪ ጣሪያ አበጅቶለታል፤ ከገቢው 20 በመቶ። የምታክመዋ ነርስ ደመወዝ የፕሮግራም ወጪ ነው፤ ከዚያ አይቆጠርም። በመቶ ሚሊዮን ብር የሚያንቀሳቅስ ቤት ጥሩ የፋይናንስ ኃላፊ ካልቀጠረ፣ በደመወዙ ያተረፈውን በአንድ የሲሚንቶ ግዢ ያጣዋል። ነፃ የሚሠራ ሰው ጥሩ ነው። ነፃ የሚሠራን ሰው ግን ለምን ዘገየህ፣ ለምን ሳይጫረት ገዛህ ብሎ መጠየቅ ይከብዳል። “እኔ በነፃ እያገለገልኩ!” ይልሃል።

የሎስ አንጀለሷ፦
እዚህ እኮ የትልልቆቹን ድርጅቶች የኃላፊዎች ደመወዝ ፎርም 990 በሚባል ሰነድ ማንም ከፍቶ ያየዋል። ሰው ይጨቃጨቅበታል፣ ይሳደባል፣ ግን ተደብቆ አይደለም። እኛስ አገር ደመወዙ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ምን አለበት?

ታላቅ እህት፦
ሁላችሁም ስለ ለጋሽና ስለ መሪ ነው የምታወሩት። እኔ ወንድሜን አንድ ማዕከል አስገብቼ አውቃለሁ፤ የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ስለ አያያዙ አንድ ቅር ያለኝ ነገር ነበረ። ትንሽ ነገር አይደለም። ለማን ልናገር? ለሠራተኛዋ ስናገር “እሳቸው እንዲህ ዓይነት ነገር አያደርጉም” አለችኝ፤ ስለ መሥራቹ አልጠየቅኳትም እኮ። ውጪ ብናገር ደግሞ ሰው ይበላኛል። “አንቺ የጣልሽውን ያነሡልሽ አንሶ” ይሉኛል። ስለዚህ ዝም አልኩ። መሪው ቅዱስ በሆነበት ቤት ውስጥ ተኝቶ የታመመ ሰው አቤት የሚልበት የለውም። ቦርድም ይሁን ሥራ አስኪያጅ ለእኔ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ለመሥራቹ የማይታዘዝ፣ ስልኩ በር ላይ የተጻፈ፣ ቅሬታ ሰሚ ሰው አለ ወይስ የለም?

ሲስተር፦
እህቴ፣ ይህን ከውስጥ ሆኜ አውቀዋለሁ። ታካሚው ራሱ ሲያማርር ደግሞ “ሕመሙ ነው” ይባላል።

የኮተቤው፦
በዚህስ አልከራከርም። ቅሬታ ሰሚ ይኑር። ግን እሱን ለማስገባት መሥራቹን ማንሣት ለምን ያስፈልጋል?

ጡረተኛው፦
አንሡት ያለ የለም ልጄ። ሰውየው ወጣት ነው፣ ገና ብዙ ይሠራል። ለዚህ ነው አሁን የሚመቸው። በሽታ ሲመጣ የሚሾም ተተኪ ሥራውን ማን ያስተምረዋል? አጠገቡ ሆኖ ዓመታት ይማር።

አወያይ፦
የእኔን ልበልና ልተወው። ወደ ቦስተኑ አደላለሁ። መሥራቹ ፊት ይሁን፣ ሕዝቡን ይጥራ። ሆስፒታሉን የሚመራ ሐኪም ለብቻ፣ ቤቱን የሚያስተዳድር ሥራ አስኪያጅ ለብቻ ይኑር። ሦስቱም ለአንድ ቦርድ ይጠሩ። መሥራቹ ደግሞ ያንን ቦርድ በሊቀመንበርነት አይምራ፤ ያለበለዚያ ራሱ ለራሱ ነው የሚጠራው። የቦርዱ አባላት ስም ይታወቅ። እስቲ እዚህ ካለነው ውስጥ፣ ብር የላክንበትን ድርጅት የቦርድ አባላት ሦስቱን በስም የሚጠራ ማን አለ?

የኮተቤው፦
እኔ አልጠራም። እሺ፣ ምክትሉ ከነገ ጀምሮ ይሾም። ግን የሚቀጥለው ቀጥታ ሥርጭት ላይ መጀመሪያ የሚቀርበው እሱ ይሁን፣ ቢኒያም ከካሜራው ጀርባ ይቁም። እዚህ ስትከራከሩ ያመሻችሁ ሁሉ ያን ጊዜ ስንት እንደምትልኩ ማየት እፈልጋለሁ።